ሲጢጥ የሚለው አረንጓዴ በር

ጋሽ ማጠፊያ ሰው ቤት ሲሄድ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ባለቤቱን ሳይሆን በሩን ነው። ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ያዳምጠዋል፤ "እንደምን ዋላችሁ" የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በር በመግጠምና በመጠገን ስለሆነ የሰፈሩ ሰው እናቱ ያወጣችለትን ስም ረስቶ "ማጠፊያ" አለው፤ ፀጉሩ ሲሸብት ደግሞ "ጋሽ" ጨመረለት። እሱም አልተቀየመም። ከኮቱ የውስጥ ኪስ የማትጠፋ፣ ድሮ የአፍንጫ ጠብታ የነበረባት ትንሽ ብልቃጥ አለችው፤ አሁን የስፌት መኪና ዘይት ነው ያለባት። አንድ ጊዜ የታመመ ጓደኛውን ሊጠይቅ ሄዶ የመኝታ ቤቱን በር ዘይት አጠጥቶ ተመልሷል። ጓደኛው በሳምንቱ ተነሣ። ያዳነው መድኃኒቱ ይሁን ዘይቱ ጋሽ ማጠፊያ እስከ ዛሬ አልለየለትም።

ጉድ የነበረው የራሱ ቤት በር ነው። ያ አረንጓዴ የእንጨት በር በተከፈተ ቁጥር ሲጢጥ ሲል ጎረቤት ይሰማዋል። ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ ጨቀጨቀችው። "የሰውን በር ዝም ታሰኛለህ፣ የእኔን ታስጮሃለህ!" ትለዋለች። "ነገ" ይላታል። ነገ ሲሆን እንደገና ነገ ይላል። የሚስቱ ታላቅ እህት እትዬማ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይሄውላችሁ፣ በር ጠጋኝ ማግባት ማለት ይሄ ነው" እያለች በሩን ከፍታ ታሳይ ነበር። እሱ ስቆ ያልፋል። ለዚያ በር ዘይት የነፈገበት የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱን ግን ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

ሚስቱ የሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበረች። ማታ ወጥታ ጎህ ሲቀድ ትገባለች። እንደዚህ ኖረው ኖረው፣ አንድ ክረምት ታመመችና እስከ ወዲያኛው ጥላው ሄደች። ብዙ ሳይቆይ ቤቱም ለመንገድ ማስፋፊያ ተብሎ ፈረሰ። ጋሽ ማጠፊያ ባሏ ከሞተባት ከእትዬ ጋር አንድ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይቶ መኖር ጀመረ። የአዲሱ ቤት በር ብረት ነው፤ ሲከፈትም ሲዘጋም ድምፅ የለውም። ለሥራው ሰው ከዚህ የበለጠ በር የለም። ጋሽ ማጠፊያ ግን በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ይነቃና፣ ጣራውን እያየ ፀሐይ እስክትወጣ ይጋደማል።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ሒሳብ ተምራ ጥሩ ቢሮ ገብታ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ሥራዬ ጥበብ ነው ብላ ለቀቀች። የመጀመሪያ ሥራዋን ለሕዝብ ያሳየች ዕለት እሱም ሄዶ ነበር። የተሰባበሩ ወንበሮች በገመድ ታስረው ከጣራ ተንጠልጥለዋል። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ በጓደኞቿ ሁሉ ፊት፣ "ልጄ፣ ይሄ ታዲያ ምኑ ነው ሥራ?" አላት። ክፉ አስቦ አልነበረም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ሥራዋን እንዲያይ ጠርታው አታውቅም። ሲደዋወሉ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ያወራሉ። ሁለቱንም የምታስታርቅ እናትየው ነበረች፤ እሷ ከሄደች በኋላ ዝናቡም ጤናውም ቶሎ ቶሎ ያልቅባቸው ጀመር።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ልጁ ደወለች። ቤቱ ሊፈርስ ሲል "በሩን እኔ ልውሰደው" ብላ በጭነት መኪና ወስዳው ነበር፤ ለጠረጴዛ ይሆናታል ብሎ ነው የሰጣት። ለካ ሥራ ሠርታበታለች። "ትልቅ ጋለሪ ነው አባዬ። ሕዝብ የሚገባው ከሰዓት ነው። አንተ ግን ከሁሉም በፊት እንድታየው እፈልጋለሁ" አለችው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ጋሽ ማጠፊያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ልጁ እንደገና ጠርታዋለች። አሁንም አፉ ወይም እጁ ካበላሸው ሌላ ጥሪ እንደማይመጣ ያውቃል።

እትዬም ታውቃለች። በቀጠሮው ቀን ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ አቆመችው።

"እጅህን ወደ ላይ!"

"ምነው፣ ፖሊስ ሆንሽ?"

"ለአንተ ፖሊስ መቼ ይበቃሃል!" አለችና የኮቱን ኪሶች በረበረች። አንድ ካቻቢቴ፣ ጥቂት ብሎኖች፣ አንድ የተጣመመ ሚስማር አወጣች። "የሚታይ ነገር በዓይን ነው የሚታየው። እጅህ ከኪስህ እንዳይወጣ። ምላስህም ከአፍህ።" የውስጥ ኪሱን መነጽሩ ነው ብላ ሳትነካው አለፈች።

ጋለሪው መሐል ከተማ፣ አንድ ረጅም ሕንፃ ሥር ነው። የመስታወቱ በር ሰው ሲጠጋው በራሱ ይከፈታል። ጋሽ ማጠፊያ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ።

"አባት፣ ይገባሉ ወይስ ይወጣሉ?" አለው ጥበቃው።

"በሩን እያየሁ ነው።"

"የሚታየው ውስጥ ነው። በሩ ኤግዚቢሽኑ ውስጥ የለም።"

እትዬ በክርኗ ጎሸም አድርጋ አስገባችው።

የመጀመሪያው ክፍል ከጣራ እስከ ወለል ባዶ ጄሪካን ተንጠልጥሎበታል። እትዬ ቀና ብላ አየችና "እኛ ሰፈር ውሃ የጠፋ ዕለት ይሄንኑ አይደል እንዴ የምናየው? ያውም በነጻ" አለች። ጋሽ ማጠፊያ ሊስቅ ነበር፤ ምላስህን የተባለው ትዝ ሲለው ከንፈሩን ነከሰ። በሁለተኛው ክፍል ግድግዳውን የሚያክል ስክሪን ላይ የአንዲት ሴት እጅ ድንች ይልጣል። ድንቹ አያልቅም። እትዬ ፊት ለፊቱ ያለውን አግዳሚ ወንበር አየችና ጥበቃውን ጠራችው።

"የእኔ ልጅ፣ ይሄ መቀመጫ ነው ወይስ ሥራ ነው?"

"መቀመጫ ነው እናቴ።"

"ተመስገን!" ብላ ዘፍ አለች። "እስክትጨርስ እዚሁ ልጠብቃት።" ድንቹ ሳያልቅ የእትዬ አንገት ዘመም አለ። እንቅልፏ መቼም በዓይኗ ጥግ ነው።

ልጁ በዚህ መሐል ብቅ አለች። ሱሪዋ ቀለም በቀለም ሆኗል። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ለብዙ ቀን በቅጡ እንዳልተኛች ፊቷ ይናገራል። ጉንጩን ሳመችው፤ እጁንም ትንሽ ያዝ አድርጋ ቆየች። "መጣህልኝ አባዬ" አለችው። "መጣሁ" አለ፤ ሌላ ቃል ጨምሮ ከሚያበላሽ እዚያው ላይ አቆመው። ወዲያው ከላይ የጋለሪው ኃላፊ ጠራቻት። "ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ አይቼ እመለሳለሁ፤ አንዴ እዚህ ጠብቀኝ" ብላ ደረጃውን ሮጣ ወጣች።

ጋሽ ማጠፊያ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። ያኔ ነው ከቀጣዩ ክፍል ድምፁ የመጣው። ሲጢጥ።

ልቡ ዘለለች። እግሩ ሳያዝዘው ተራመደ። ለአንድ አፍታ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ሚስቱ ዳቦ በብብቷ ይዛ ስትገባ ያያት መስሎት ነበር። መሞቷ ትዝ ሲለው ግን ልቡ እንደዘለለች ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ግድግዳው ሊነጋ ሲል ያለውን ብርሃን ይመስላል። መሐሉ ላይ አረንጓዴው በር ከነመቃኑ ቆሟል። እሱ ራሱ የቀባው ቀለም ነው፤ እጀታው አጠገብ ሚስቱ በጨለማ ቁልፍ ስትፈልግ የጫረችው ጭረትም እንዳለ ነው። ከበሩ ጀርባ አንዲት ትንሽ አልጋ ተዘርግታለች። መብራት የሚሰቅሉ ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው በበሩ በኩል ያልፋሉ።

"ኧረ የዘይት ያለህ!" አለ አንደኛው ጆሮውን ይዞ። "የዚህ በር ባለቤት ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

"ዝም በል ወንድሜ። እንግዳው ይሄን ሲሰማ ነው ሣቅ የሚመጣው" አለ ሌላው። እየተሳሳቁ ወጡ።

ጋሽ ማጠፊያ ፊቱ ጋለ። ለራሱ ቢሆን ግድ አልነበረውም፤ በዚህ በር ሲሳቅበት ነው የኖረው። በልጁ መሳቃቸው ግን አንጀቱን በላው። የበር ጠጋኝ ልጅ፣ በትልቅ ጋለሪ፣ በከተማው ሰው ሁሉ ፊት፣ የሚያላዝን በር አቁማ! ያንን ድምፅም ሁለተኛ መስማት አልፈለገም። ማንም የማይገባበትን በር ምን ያስጮኸዋል? ሰው የሚያስጠብቅ ድምፅ ነው፤ የሚጠበቀው ሰው ደግሞ አይመጣም።

ዙሪያውን አየ። ማንም የለም። እጁ ከኪሱ ወጣች፤ ብልቃጧን ይዛ ነው የወጣችው።

ከላይኛው ማጠፊያ ጀመረ። ጠብ አደረገ፣ በሩን ወዲያ ወዲህ አለው፣ እንደገና ጠብ አደረገ። ጉልበቱን እንዳያመው መቃኑን ደገፍ ብሎ ለታችኛው አጎነበሰ። የፈሰሰውን በመሐረቡ ጠረገ። ከዚያ በአንድ ጣቱ ገፋው። በሩ ትንፍሽ ሳይል ተከፈተ። "ይኸው" አለ ለብቻው፤ ለማን እንደተናገረው ግን ያውቀዋል። በሕይወት ሳለች ያላደረገላትን አደረገላት። እጁን ወደ ኪሱ መልሶ ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር።

ልጁ እየሮጠች ተመለሰች። "ና አባዬ። ምንም አትናገር፤ ምንም አልነግርህም" ብላ እጁን ይዛ አስገባችው። ትንሿ አልጋ ላይ አስተኛችው። እግሩ ከአልጋዋ ተርፎ ወጣ። "ዓይንህን ጨፍን። እስከምገባ እንዳትገልጥ" አለችና በበሩ ወጥታ ዘጋችው።

ጋሽ ማጠፊያ ዓይኑን ጨፈነ። ትራሱ ያውቀዋል፤ የራሳቸው ቤት ትራስ ነው። ልጁ ትንሽ ሳለች አልጋዋ እዚህ፣ ልክ ከበሩ ጀርባ እንደነበር ትዝ አለው። ጠበቀ። ምንም አልተሰማም። ልክ ድሮ ሳይነጋ እንደሚያደርገው ተጋድሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ ድምፅ እየጠበቀ። ያኔ ገባው። ልጁ ምን እንደሠራች፣ እሱም ምን እንዳደረገ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገቡት።

"አባዬ" የሚል ድምፅ አጠገቡ ሰማ። ገብታ ቆማለች። ሲከፈት አልተሰማውም። "ምን አደረግከው?"

ብልቃጧን አውጥቶ በመዳፉ ላይ አሳያት።

ልጁ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "ድምፁ ነበር እኮ ሥራው" አለች። "ሌላውማ ምኑ ነው፣ እንጨት ነው። ልጅ ሆኜ ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ እነቃ ነበር። እማ እስክትገባ አልተኛም። በሩ ሲጢጥ ሲል መጣች እላለሁ፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ እተኛለሁ። ድምፅዋን እንኳ በስልክ አልቀዳሁትም አባዬ። የቀረኝ ይሄ ብቻ ነበር።"

"ትነቂ ነበር?"

"ሁልጊዜ።"

ጋሽ ማጠፊያ ልጁን አያት። በዚያች በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ጎህ፣ ነቅቶ የሚጠብቀው እሱ ብቻ መስሎት ነው የኖረው። ልጅ እንቅልፍ እንጂ ሌላ ምን ታውቃለች ብሎ። ከመጋረጃው ወዲህ እሱ፣ ከወዲያ እሷ፣ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው አንድ በር ያዳምጡ ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አላት። "አንቺ ሳትወለጂ፣ እንደተጋባን ሰሞን፣ አንድ ጊዜ ዘይት አድርጌበት ነበር። ያን ዕለት እናትሽ ስትገባ አልሰማሁም። እንዳልነቃ ብላ ጓዳ ቁጭ ብላለች። እኔ ደግሞ አልመጣችም ብዬ፣ መኪና ገጭቷት ይሆን፣ ምን አግኝቷት ይሆን እያልኩ ፀሐይ እስክትወጣ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ልፈልጋት ጫማዬን ሳስር ከጓዳ 'ሻይ ላፍላልህ?' አለችኝ። ሥራ ስትሄድ ጠብቄ ዘይቱን በላምባ አጠብኩት። አመድ ነሰነስኩበት። እስኪጮህ ድረስ።"

"እና ያን ሁሉ ዘመን ነገ ነገ የምትላት?"

"ምን ልበላት? 'እስክትገቢ እንቅልፍ አይወስደኝም' ልበላት? ሥራዋን ትተወው ነበር። ሰነፍ ነው ብላ ትለፈኝ አልኩ።"

ልጁ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ታዲያ ዛሬ ለምን?"

"ሳቁብሽ" አለ። ከዚያ እውነቱን የምናገረው አሁን ነው ብሎ ጨመረ። "ደግሞ... ከእንግዲህ በዚህ በር የሚመጣ ሰው የለም ብዬ ነው።"

"እኔስ?" አለች ልጁ። "እኔ አለሁ አይደል እንዴ?"

እሱ የሚያውቀው መልስ በእጁ የሚሠራው ነው፤ ኮቱን አወለቀና እጅጌውን ሰበሰበ። "ቲነር አለ?" አለ። ጥበቃው ግድግዳ ከተቀባበት የተረፈ ቲነር አመጣ። ሁለቱ የመብራት ሠራተኞች ተጠሩና በሩን አንሥተው ያዙ፤ ማን መሆኑን ሲሰሙ አንደኛው መሬት መሬቱን አየ። ጋሽ ማጠፊያ የማጠፊያዎቹን ፒን አወጣ፣ አጠበ፣ ጠረገ፣ እንደገና አጠበ። አመድ ስለሌለ ሠራተኞቹ ግድግዳ ሲበሱ የረገፈውን አቧራ ከወለሉ አፍሶ ነሰነሰበት። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲያበጅ የኖረ ሰው ላቡ እስኪንጠባጠብ በር አበላሸ።

ሰቀሉት። ልጁ ገፋችው። በሩ እህ ብሎ ዝም አለ።

እንደገና ገፋችው። እህ።

ከውጭ የሰው ድምፅ መሰማት ጀምሯል። ኃላፊዋ ብቅ ብላ ሰዓቷን አሳየች። "በቃ አባዬ፣ ተወው" አለች ልጁ። ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፤ ድካም ነው ያለው። "ስለ ዘይቱ እጽፋለሁ። እሱም ታሪክ ነው።"

ጋሽ ማጠፊያ አልሰማትም። በሩን እያየ ነው። አንቺ በእጅሽ ነው የምትከፍቺው፣ እያለ ያስባል። እናትሽ መቼ ባዶ እጅ ነበራት? በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በብብቷ ከዳቦ ቤት ያነሣችው ትኩስ ዳቦ። ቁልፉን አዙራ እጀታውን በክርኗ ወደ ላይ ትለውና በትከሻዋ ትገፋዋለች። ያኔ የበሩ ክብደት ሁሉ የታችኛው ማጠፊያ ላይ ይወድቃል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ሄዶ ከተኛችው እትዬ እቅፍ ውስጥ ቦርሳዋን ቀስ አድርጎ ወሰደ። ኮቱን ጠቅልሎ በብብቱ ያዘ።

"ሂጂ ተኚ" አላት ልጁን።

"አባዬ፣ ሰው ደርሷል..."

"ተኚ አልኩሽ። ዓይንሽን ጨፍኚ።"

ተኛች። እሱ ወጥቶ በሩን ዘጋ። ከውጭ ሆኖ ትንሽ ቆመ። በዚህ በር ስንትና ስንት ጊዜ ወጥቶ ገብቷል፤ እንደ እሷ ግን ገብቶ አያውቅም። እጀታውን በክርኑ ወደ ላይ አለው፤ ትከሻውን አሳርፎ ገፋው።

በሩ ጮኸ። ያው ድምፅ ነው። ከታች ተነሥቶ፣ መሐል ላይ ቀጥኖ፣ መጨረሻው ላይ የሚንጠለጠለው ያ ድምፅ። የመብራት ሠራተኞቹ አልሳቁም። ከሁለተኛው ክፍል "ወይኔ ጉዴ! ይሄ በር እዚህም ድረስ ተከትሎኝ መጣ?" የሚል የእትዬ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ የእሷም ድምፅ ድንገት ቀጥ አለ።

ጋሽ ማጠፊያ ቦርሳና የተጠቀለለ ኮት ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ልክ ነው?" ብሎ ሊጠይቅ ነበር። ልጁ ግን ዓይኗን አልገለጠችም። ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰበሰበች፣ እጇን ከጉንጯ ሥር አስገባችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ቀስ በቀስ ረገበ። ትንፋሽዋ ረዘመ።

ኃላፊዋ ከኋላው መጣች። ከእሷ ጀርባ የለባበሱ እንግዶች ኮሪደሩን ሞልተዋል። "እንግዲህ ሰዉን ላስገባ?" አለች።

ጋሽ ማጠፊያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ትንሽ ታገሱን" አለ በሹክሹክታ። "አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት።"